ሥጋ በእንግሊዝኛ አይሸትም

ሰውዬው ከእናቱ ማህፀን ሲወጣ በአንድ እጁ አፍንጫውን ይዞ ነው የወጣው ይላሉ እህቶቹ። እርግጥ እህቶቹ ያጋንናሉ፤ በዚህ ጉዳይ ግን ብዙም አላጋነኑም። ጡት ሲሰጡት እንኳ መጀመሪያ አሽትቶ፣ ትንሽ አሰብ አድርጎ፣ ከዚያ ነበር አሉ የሚይዘው። ከፍ ካለ በኋላ ቤተሰቡ ሰው ቤት ይዞት መሄድ ተወ። የቀረበለትን ሁሉ ወደ አፍንጫው ያስጠጋና ፊቱን እንደተጨመቀ ሎሚ ያጨማድደዋል፤ ባለቤቶቹም ለዓመት ያኮርፋሉ። ጫማ ያሸታል፣ ትራስ ያሸታል፤ አጎቱ ሊስመው ሲያጎነብስ «ትናንት ጠጥተሃል» ብሎ ከሚስቱ ጋር አጣልቶታል። እንዲህ ያለ ልጅ ሲያድግ ምን ይሆናል? ወይ መነኩሴ፣ ወይ ሥጋ አሽታች። እሱ ሁለተኛውን ሆነ።

ሥጋ አሽታችነት ቀልድ እንዳይመስላችሁ፤ ደመወዝ ያለው ሥራ ነው። በከተማው ጫፍ አንድ ትልቅ የሥጋ ማቀዝቀዣ መጋዘን አለ። ከቄራ የመጣው ሥጋ እዚያ ያድርና በማግስቱ ወደ ሆስፒታል፣ ወደ አዳሪ ትምህርት ቤት፣ ወደ ፋብሪካ ምግብ ቤት ይከፋፈላል። ጠዋት ጠዋት የከብቱ ጭን በመንጠቆ ተንጠልጥሎ፣ ጣሪያው ላይ በተዘረጋው ሐዲድ እየተንሸራተተ ይመጣል። ሰውዬው ነጭ ካፖርቱን ለብሶ፣ እጆቹን ወደ ኋላ አጣምሮ፣ አፍንጫውን ከአጥንቱ መጋጠሚያ ላይ ይተክላል። ሥጋ ክፋቱን የሚጀምረው ከአጥንቱ ሥር ነውና። አንዴ ይስባል። ከዚያ አንድ ቃል ይናገራል። «ይሂድ» ካለ አጠገቡ የቆመው ባለማኅተም ሰማያዊውን ማኅተም ጧ ያደርግበታል። «ይቀበር» ካለ ሥጋው ከመጋዘኑ ጀርባ ካለው ጉድጓድ ይወርድና ኖራ ይለብሳል። ሦስተኛ ቃል አልነበረም። የሰውዬውን ስም የሚያስታውስም አልነበረም፤ ዘበኛው ሳይቀር የሚጠራው «አፍንጫ» ብሎ ነው።

አፍንጫ በሥራው የተከበረ ነበር ብል ዋሸሁ። የተፈራና የተጠላ ነበር። ሥጋ አቅራቢው ነጋዴ ጉድጓዱ አፋፍ ላይ ቆሞ ደረቱን እየደቃ፣ ሰው እንኳ ሲሞት እንዲህ በጥድፊያ አይቀበርም፣ ቢያንስ ዘመድ ይጠበቃል እያለ ያለቅስ ነበር። ሾፌሮቹ ጭነት ባጎደለባቸው ቁጥር ሰላምታ ይነፍጉታል። አለቃው በኮሪደር ሲያገኘው «ደግሞ ዛሬ ማንን ቀበርክብኝ?» ይለዋል እንጂ እንዴት አደርክ ብሎት አያውቅም። ሻይ ቤት ሲገባ ጠረጴዛው ሙሉ ይነሳል፤ ማን በገዛ ሻዩ ላይ አፍንጫውን የሚነፋ ጎረቤት ይፈልጋል? ለብቻው ይቀመጣል፣ ሻዩን ያሸታል፣ ይጠጣል፣ ይሄዳል።

ያን ሁሉ ዘመን ከጎኑ የቆመችው ሚስቱ ብቻ ነበረች። መጋረጃ ሰፊ ናት፤ ምላሷ ከመርፌዋ አይተናነስም። በሰው ላይ ስትዘምት መመለሻ የላትም፣ ለሱ ግን ታዝናለች። አንገቱን ደፍቶ ሲገባ፣ «ይጥሉህ፣ ምን ገዶህ፤ እኔ ተኝቼ የማድረው ያንተን አፍንጫ አምኜ ነው» ትለው ነበር። እሱም ይቺን ሰምቶ በማግስቱ ደረቱን ነፍቶ ወደ መንጠቆው ይመለሳል።

ነገሩ የተገለበጠው አዲሷ የጥራት ኃላፊ ስትመጣ ነው። ልጅ እግር ናት፣ ጨዋ ናት፣ በእግሯ ሳይሆን በሽቶዋ ቀድማ የምትገባ ናት። መጋዘኑን ዞራ አየች፣ ጉድጓዱን አየች፣ መሐረቧን አወጣች። በሳምንቱ ከመንጠቆዎቹ ፊት ለፊት ግድግዳውን የሚያህል ሰሌዳ አሰቀለች። በሰሌዳው ላይ ከላይ ወደ ታች እንደ መሰላል የተደረደሩ የእንግሊዝኛ ቃላት ነበሩ።

«ጋሼ» አለችው በትሕትና፣ «ይቀበር የሚለው ቃል ሰው ያስደነግጣል። ሥጋ እኮ በአንዴ አይበላሽም፤ ፕሮሰስ ነው።»

ፕሮሰሱም እንዲህ ነበር። ትንሽ ጠረን ያመጣ ሥጋ «ዲክላይኒንግ» ይባላል፤ ወረድ ማለት ጀምሯል እንደማለት ነው፤ በዕለቱ ይላካል። ማዝለግለግ ከጀመረ «ዲቴሪዮሬቲንግ» ነው፤ ይኸም ይላካል፣ ግን ትልቅ ድስት ላላቸውና ብዙ ለሚያፈሉ። አረንጓዴ ካሳየ «ዲግሬድድ» ሆነ፤ ይፈጭና ቅመም ይበዛበታል። ዝንብ ራሷ ካቅማማች «ክሪቲካል» ነው፤ ስብሰባ እስኪጠራ ተመልሶ በረዶ ቤት ይገባል፤ በረዶ ደግሞ ሽታ ስለሚሸብብ፣ ሲወጣ «ስቴብል» ተብሎ መሰላሉን እንደገና ከላይ ይጀምራል። ከሁሉ በታች «ኮንደምድ» የሚል ቃል ነበረ። የሚቀበረው እሱ ብቻ ነው። እዚያ ለመድረስ ግን ሦስት ኃላፊዎች በአንድ ቀን በአንድ ክፍል መገኘት አለባቸው፤ ይህ ደግሞ ከፀሐይ ግርዶሽ ያነሰ የሚከሰት ነገር ነው።

አፍንጫ ይህን ሰሌዳ ይጠላዋል ብሎ ያልጠበቀ አልነበረም። ባለማኅተሙማ አፉን ከፍቶ ነበር የሚጠብቀው፤ አሁን ይፈነዳል፣ አሁን ሰሌዳውን ያወርደዋል እያለ። አፍንጫ ሰሌዳው ፊት ቆመ። ከንፈሩን አንቀሳቀሰ። «ዲ... ቴ... ሪዮሬቲንግ» አለ፣ እንደ ከረሜላ ከጉንጩ ወደ ጉንጩ እያገላበጠ። ደገመው። ፈገግ አለ። ሰው በዚያ ዕድሜው ፍቅር ሲይዘው ያስፈራል።

ደግሞ እንዴት አይያዝ? በመጀመሪያው ቀን አንዱን ጭን አሽትቶ፣ «ዲክላይኒንግ» ሲል፣ ነጋዴው ደረቱን አልደቃም፤ እጁን ጨበጠው። ሾፌሩ ጭነቱ ሙሉ ስለሆነለት በመንገዱ ሊያደርሰው በር ከፈተለት። አለቃው በኮሪደር ትከሻውን መታ መታ አድርጎ «ጎበዝ፣ አሁን ተግባባን» አለው። ሻይ ቤት ሲገባ ጠረጴዛው አልተነሳም፤ እንዲያውም ወንበር ተሳበለት። «እስቲ ይቺን ሻይ ምን ትላታለህ?» ይሉታል፤ «ዲግሬድድ» ይላል፤ ይስቃሉ፤ አስተናጋጇም ትስቃለች። በአማርኛ «ሻይሽ ይገማል» ቢላት ኖሮ ትሪውን ነበር ግንባሩ ላይ የምትሰብረው። «ዶክተር» ይሉት ጀመር። ሰው ተርቦ የኖረው ፍቅር በአንድ ሰሌዳ ሲመጣለት፣ ሰሌዳውን ማውረድ ይከብደዋል።

ችግሩ ቃሉ ከአፉ ሲወጣ ሽታውም ከአፍንጫው አብሮ የሚወጣ መሆኑ ነው። ድሮ ጨጓራውን የሚገለብጠው ሥጋ አሁን ስም አገኘ፤ ስም ያገኘ ነገር ደግሞ አይጮህም፣ ተራውን ይጠብቃል። ጣቱ ላይ የተጣበቀውን ልጋግ በካፖርቱ ጠርጎ ወደሚቀጥለው ጭን ይሄዳል። አንድ ቀን ባለማኅተሙ፣ አረንጓዴው ከአጥንቱ ሥር እየተንጠባጠበ ያለ ሥጋ ላይ ማኅተም አልመታም ብሎ ቆመ። አፍንጫ በትዕግሥት ወደ ሰሌዳው አመለከተው። ባለማኅተሙም ሰሌዳውን አየ፣ ሥጋውን አየ፣ ልጆቹን አሰበ፣ መታ። ከዚያ ወዲያ ምሳውን ውጭ ዛፍ ሥር ሆኖ ይበላ ጀመር፤ ዳቦ ብቻ።

ቃላቱ በር ላይ አልቀሩም፤ ቤት ድረስ ተከትለውት ገቡ። ጫማው «ዲክላይን» አደረገ። የሚስቱ ወንድም ጠባይ «ዲቴሪዮሬት» አደረገ። የፎቁ ጎረቤት ገላውን ሲታጠብ የሚያንጎራጉረው ዘፈን ከ«ክሪቲካል» አልፏል ተባለ። ሚስቱ መጀመሪያ ላይ መርፌዋን እስክትጥል ትስቅ ነበር፤ ባሏ ስንት ዘመን ከቆየበት ቁዘማ ወጥቶ ሲጫወት አይታ ደስ ብሏታል። አንድ ማታ ግን ከሥራ ሲገባ በሩን ከፈተችለትና በእጇ አፏን ይዛ ወደ ኋላ አፈገፈገች። ከካፖርቱ እጅጌ ላይ አንድ ነገር ደርቆ ተጣብቋል፤ ምን እንደሆነ አልጠየቀችም።

«ልብስህ ይሸታል» አለችው።

ትንሽ ዲክላይን አድርጎ ነው አላትና አልፏት ወደ ወንበሩ ሄደ። በዚያው እጅጌ ዳቦ ቆረሰ። ሚስቱ የዚያን ቀን አልሳቀችም። ካፖርቱን በሁለት ጣቷ አንጠልጥላ በፈላ ውሃ ነከረችው፤ ሽታው ግን ከባልዲው ይልቅ ከወንበሩ በኩል የሚመጣ መሰላት።

ብዙም ሳይቆይ ሚስቱ ታመመች። ጎኗን ይወጋት ጀመር፤ የሐሞት ጠጠር ነው ተብሎ በከተማው ሆስፒታል ኦፕራሲዮን ሆነች። ሐኪሙ ባሏን ወደ ጎን ጠርቶ አስጠነቀቀው፤ ሆዷ ገና ጥሬ ነው፣ ትንሽ የተበላሸ ነገር ከቀመሰች ተመልሳ ቢላዋ ሥር ትገባለች፣ ሁለተኛውን መቻሏን እንጃ። አፍንጫ ሐኪሙን ሦስት ጊዜ አስደገመው። ያን ያህል ይወዳታል፤ በዚህ ማንም አይማው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ማለዳ ተነስቶ አትክልት ይገዛል፣ እያንዳንዷን ካሮት እንደ አራስ ልጅ አገላብጦ ያሸታል፣ ያፈላል፣ በፔርሙዝ አድርጎ ወደ ሥራ ሲሄድ ለነርሷ ትቶላት ያልፋል። ቀን ቀን ጠያቂ በሚገባበት ሰዓት ይመለስና ባዶውን ፔርሙዝ ይወስዳል። ለሷ ምግብ እንግሊዝኛ አልተጠቀመም። ልብ በሉልኝ፣ ለሷ ካሮት አንድም ቀን እንግሊዝኛ አልተጠቀመም።

ታዲያ አንድ ጠዋት ያ ጭን መጣ። ገና ከሩቅ ሐዲዱ ላይ ሲንሸራተት ከኋላው ጠብታ ይጥላል። ሲቀርብ ላዩ ቀንድ አውጣ የሄደበት ይመስል ያብለጨልጫል፤ አጥንቱ ሥር አረንጓዴው ወደ ጥቁር ዞሯል፤ ጣት ሲነካው ይከተላል፣ ክር እየሳበ። ሽታው ጣፋጭ ነበር፤ ክፉው እሱ ነው፣ የሚጣፍጠው። በመንጠቆው ላይ የተንጠለጠለው ቁራጭ ቆርቆሮ የሚሄድበትን ይናገራል፤ ሆስፒታል ይላል። ነጋዴው ከበሩ ላይ ፈገግ ብሎ እየጠበቀ ነው። ኃላፊዋም ለአዳዲስ ሠራተኞች ቃላቱን እንዲያስተምር ልታጨው ስለሆነ፣ እጆቿን አጣጥፋ ታየዋለች።

የአፍንጫ አፍንጫ ጮኸ። አፉ ግን «ዲቴሪዮሬቲንግ» አለ፤ ያውም ሁለት ደረጃ አሳንሶ።

ባለማኅተሙ ማኅተሙን እንዳነሳ ቀረ። «ባለቤትህ እዚያ አይደለች እንዴ የተኛችው?»

«የሷ ምግብ ከቤት ነው የሚሄደው።»

«ደግ አደረግህ» አለ ባለማኅተሙ። «የሰው ሚስት ትብላው።» ምራቁን ጢቅ አለና መታ።

በማግስቱ አፍንጫ ከሌላው ቀን ቀደም ብሎ ሆስፒታል ደረሰ። ኃላፊዋ ለሥልጠናው እንዲዘጋጅ ብላ ቶሎ ለቃው ነበር፤ በመንገድ ላይ ሁሉ ለተማሪዎቹ የሚናገረውን እያነበነበ፣ ልቡ ሞቆ ነው የመጣው። የሴቶቹ ክፍል በር ላይ ሲደርስ ግን እግሩ አልገባ አለው። ምሳ እየታደለ ነበር። የምግብ ጋሪው መካከል ላይ ቆሞ ይተናል። ከላይ የሽንኩርት ጠረን አለ፣ ከሽንኩርቱ በታች የጨው፣ ከጨው በታች ደግሞ ያ ጣፋጭ ነገር ተኝቷል። ቀቅለውት፣ አሙቀውት፣ ቅመም ጭነውበት፣ ያው እሱ ነው። አፍንጫ አወቀው። ሰው የገዛ ልጁን በጨለማ እንደሚያውቀው አወቀው።

ቀና ሲል ሚስቱን አያት። ከእሷ ቀጥሎ ባለው አልጋ ላይ የተኛችው ጠያቂ የሌላት ሴት፣ የሱን ፔርሙዝ ታቅፋ የሱን ካሮት ትበላለች። የሱ ሚስት ደግሞ የሆስፒታሉን ሳህን ጭኗ ላይ አድርጋ፣ ሾርባውን በማንኪያ ቀድታ እፍ እፍ ትላለች። ለካ ፔርሙዙ ባዶ ሆኖ የሚያገኘው እንዲህ እየሆነ ነው። ያቺ ሴት ከታመመች ጀምሮ በሯን ያንኳኳ ሰው የለም፤ ሚስቱም የቤት ምግብ ጠረን ይጠግናት ብላ በየቀኑ ትቀይራታለች። እንዳይቆጣት ብላ አልነገረችውም።

«ምነው፣ መጣህ?» አለችው ማንኪያውን አንስታ። «ምን ያስቆምሃል በር ላይ?»

አፉን ከፈተ። የወጣው ግን የለመደው ነው። ሾርባው እንትን፣ ትንሽ ዲቴሪዮሬት ሳያደርግ አልቀረም አለ።

ክፍሉ ውስጥ ያሉት ሴቶች ሁሉ ዞረው አዩት። ነጭ ካፖርት ለብሷል፣ እንግሊዝኛ ተናግሯል፤ ሌላ ምን ይፈልጋሉ? ሐኪም ነው ተባባሉ። አንደኛዋ ሾርባው ኃይል ይሰጣል ነው ያለው ብላ ለጎረቤቷ አስረዳች፤ ጎረቤቷም ትንሽ ይጨመርልኝ ብላ ሳህኗን ወደ ጋሪው ዘረጋች። በእንግሊዝኛ የተመሰገነ ሾርባ በሕይወት አንዴ ነው የሚገኘው። ማንኪያው ሁሉ ተፋጠነ። ጥግ ላይ ያሉት አሮጊት ሳህናቸውን አንስተው እስከ ታች ጠጡት፤ አገጫቸውን ሲጠርጉ «ይባረክ» አሉት።

ሚስቱ አልጠጣችም። ፊቱን እያየች ነበር።

«በአማርኛ ንገረኝ» አለችው። «ልብላው ወይስ አልብላው?»

አሁን፣ ለዚህ ጥያቄ መልሱ አንድ ቃል ነው። ነገር ግን ያቺን ቃል ተከትሎ የሚመጣውን ጥያቄ አፍንጫ ከወዲሁ ያሸተዋል። አሮጊቷ ሳህናቸውን ሲልሱ ይሰማል። ሚስቱ ማንኪያውን ወደ አፏ አስጠጋች፤ ሆን ብላ፣ ዓይኗን ከዓይኑ ሳትነቅል።

«አትብዪው» አለ። «ገምቷል።»

አንድ ሰው ማንኪያ ጣለ። ከዚያ ሁሉም ጣሉ።

«ከበር ላይ ሆነህ በምን አወቅህ?»

«ትናንት አሽትቼዋለሁ።»

«ታዲያ ማን አሳለፈው?»

አፍንጫ ጣሪያውን አየ፣ መስኮቱን አየ፤ የተሰቀለ ሰሌዳ የሚፈልግ ይመስል ግድግዳውን ሁሉ አየ። የሆስፒታል ግድግዳ ባዶ ነው። «እኔ» አለ።

ሚስቱ ሳህኑን ቀስ ብላ ኮመዲኖው ላይ አስቀመጠች። ብርድ ልብሱን እስከ አገጯ ሳበችና፣ ሰው ጫማው ሥር የረገጠውን ነገር በሚያይበት ዓይን አየችው፤ ከዚያ ማየቱንም ተወች። ያቺ ጠያቂ የሌላት ሴት ፔርሙዙን ከደረቷ አንስታ ራቅ አድርጋ አኖረችው፣ ካሮቱ ምንም ሳያደርጋት። ከጥግ የአሮጊቷ ድምፅ ተሰማ።

«ልጄ» አሉት፣ «እኔማ ጨርሼዋለሁ። ለኔስ የምትሰጠኝ ቃል የትኛው ነው?»

አፍንጫ ያን ሁሉ መሰላል ከላይ እስከ ታች ያውቀዋል፤ ለአሮጊቷ የሚሆን ቃል ግን አላገኘም። ወደ ኩሽናው ሮጠ። ምግብ አብሳዩ ጭልፋውን እንደ ጎራዴ ይዞ በሩ ላይ ቆመበት። ሥጋው ማኅተም አለው፣ ንጹሕ ነው፣ አፍንጫ የሚባል የታወቀ ሰው ነው ያሳለፈው ብሎ ሞገተው። አፍንጫ አልተከራከረም፤ ድስቱን በትከሻው ገፋው። ሾርባው ወለሉን አጥለቀለቀ፤ አጥንቱ ተንከባሎ ከአብሳዩ እግር ሥር ቆመ፣ ጥቁር አረንጓዴውን ወደ ላይ አድርጎ። አብሳዩ አየው። ጭልፋውን ጣለና ወደ መስኮቱ ሮጦ አስታወከ። ጥበቃዎቹ አፍንጫን በካፖርቱ አንገት ይዘው ሲያስወጡት እየረገጠ የሚንሸራተተው በገዛ ቃሉ ላይ ነበር።

አሮጊቷ ግሉኮስ ተሰክቶላቸው፣ አንጀታቸው እየተላወሰ ሰነበቱ፤ በኋላ ዳኑ፣ እንደዚያ ዓይነት ሰው ቶሎ አይሞትም። ከመጋዘኑ ግን አፍንጫ ተሰናበተ፤ ያስወጣው ያሳለፈው ሥጋ አይደለም፣ የደፋው ድስት ነው። ኃላፊዋ ስትሸኘው አሁንም ጨዋ ነበረች፤ ፐርፎርማንስዎ ዲክላይን አድርጓል አለችው። አለቃው በኮሪደር ሲያየው ግድግዳ ታክኮ አለፈ። ሻይ ቤትም ወንበር የሳበለት አልነበረም፤ ሾፌሮቹ ዶክተር ማለቱን ትተው የአሮጊት ገዳይ ይሉት ጀመር፣ ራሳቸው ሥጋውን እንዳላደረሱ። አሁን በመንጠቆው ሥር ቆሞ የሚያሸተው ባለማኅተሙ ነው አሉ። እንግሊዝኛው ከአፍንጫም ይሻላል ይባላል።

ሚስቱ ድና ቤቷ ገባች። ጥላው አልሄደችም፤ ሄዳ ቢሆን ሰፈሩ ሁሉ ይፈርድላት ነበር። መጋረጃዋን ትሰፋለች፣ ከደንበኞቿ ጋር ትስቃለች፣ እሱንም ውሃ አቀብለኝ፣ መስኮቱን ዝጋ ትለዋለች። ከእጁ ግን አትበላም። መጀመሪያ ላይ እንቁላልና ሙዝ ብቻ ነበር ምግቧ፣ ራሷ የምትልጠው። ዶሮዋ ራሷ መጥታ ካልማለችልኝ እንቁላሉንም አላምነውም ትላለች ለጎረቤት። እሱ ሥራ ስለሌለው ቀኑን ሙሉ ያበስላል። ገበያ ሄዶ ምርጡን ሥጋ፣ ምርጡን ድንች አሽትቶ ያመጣል፤ አሁን ደግሞ እንደ ድሮው ሁሉም ነገር ይሸተዋል፣ የገዛ እጁም ሳይቀር፣ አሥር ጊዜ ይታጠበዋል።

ምሳ ሲደርስ ሳህኑን ፊቷ ያስቀምጣል። ጥሩ ነው፣ አሽትቼዋለሁ ይላታል።

«ብላ» ትለዋለች።

ቆሞ ይጎርሳል። እስኪውጠው ታየዋለች፣ ከዋጠም በኋላ ታየዋለች። ከዚያ ወደ ስፌቷ ትመለስና የያዘችውን ጠርዝ ከዳር እስከ ዳር ሰፍታ ትጨርሳለች፤ ምግቡ ይቀዘቅዛል፣ እሱም እዚያው ግድግዳው ሥር ቆሞ ይጠብቃል። ክሯን በጥርሷ በጥሳ ቀና ስትል አሁንም በእግሩ ከቆመ፣ አንዳንድ ቀን ሳህኑን ወደ ራሷ ትስባለች። አንዳንድ ቀን ደግሞ ሌላ ጨርቅ ታነሳለች።